የቢትኮይንን ቦርሳና መዝገብ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ስለ ማዛወር

ቢትኮይን የተባለው ገንዘብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ብዙ ሰዎች ሳንቲሙ በኮምፒዩተራቸው ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላቸዋል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ዕቁብን እናስብ። ማን ስንት እንደ ከፈለ የዕቁቡ ጸሐፊ በመዝገብ ይጽፋል። በቢትኮይን ግን አንድ ጸሐፊ የለም፤ ብሎክቼይን የሚባለውን መዝገብ የፈለገ ሁሉ ሙሉ ቅጂውን በቤቱ ይይዛል። ቦርሳ የሚባለው ፋይል ደግሞ በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ገንዘብ ለማዘዝ የሚያስችል ምስጢራዊ ቁልፍ እንጂ ገንዘብ የለበትም። ስለዚህ ቦርሳው በሦስት ቦታ ቢገለበጥ ገንዘቡ ሦስት እጥፍ አይሆንም።

ቢትኮይን ኮር በተባለው ፕሮግራም መዝገቡ የሚገኘው «ብሎክስ» እና «ቼይንስቴት» በሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ነው። በ2025 መጠኑ ከ600 ጊጋባይት በላይ ነበር። ይህ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ አዲሱ ኮምፒዩተር ከሌሎች እየተቀበለ እንደገና ይሞላዋል፤ ጉዳቱ የብዙ ቀን ጥበቃና የኢንተርኔት ሒሳብ ብቻ ነው። «ዋሌት ዶት ዳት» የሚባለው የቦርሳ ፋይል ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ሲሆን፣ ባለቤቱ ካልገለበጠው በቀር ምትክ የለውም። በ2013 በዌልስ አገር፣ በኒውፖርት ከተማ፣ የአንድ ሰው ወደ 8,000 የሚጠጋ ቢትኮይን ቁልፍ የያዘ ሃርድ ዲስክ ከቆሻሻ ጋር ተጣለ። ሰውየው የቆሻሻው ክምር ይቆፈርልኝ ብሎ እስከ ፍርድ ቤት ቢሟገትም በ2025 ክሱ ተዘጋበት። ገንዘቡ በመዝገቡ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ የሚያዝበት ግን የለም።

እኔ የተለማመድሁት ዋጋ በሌለው የሙከራ ሳንቲም፣ ቴስትኔት በሚባለው መረብ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ቸኩዬ ፕሮግራሙን ሳልዘጋ ፎልደሮቹን ገለበጥሁ። ፕሮግራሙ ክፍት ሳለ መጻፉን አያቋርጥምና፣ ቅጂው ግማሹ የቀደመ ግማሹ የኋለኛ ሆነ፤ አዲሱም ኮምፒዩተር መዝገቡ ተበላሽቷል ብሎ እንደገና ልሥራው ሲል ጠየቀኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ!

በሁለተኛው ጊዜ ፕሮግራሙ ፈጽሞ እስኪዘጋ ጠበቅሁ። ሁለቱ ፎልደሮች እርስ በርሳቸው መስማማት አለባቸውና አንድ ላይ ገለበጥኋቸው። ቦርሳውን አስቀድሜ ፕሮግራሙ ራሱ ባለው የመጠባበቂያ ትእዛዝ በፍላሽ አስቀርቼ ነበር፤ የይለፍ ቃሉን ግን ከፍላሹ ጋር አላኖርሁትም። በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ቀሪ ሒሳቡ ልክ መሆኑን አየሁ። ከዚያም ጥቂት ሳንቲም ወደ ሌላ አድራሻ ላክሁ፤ በመዝገቡም ላይ ሲጻፍ አይቼ የአሮጌውን ኮምፒዩተር ፋይሎች ደመሰስሁ።