ግሥና ጊዜ

በኮልፌ ገበያ ደንበኛ የጠራው ነጋዴ ገና ከመደቡ ሳይነሣ «መጣሁ!» ይላል። ሰዋስው «መጣሁ»ን ኀላፊ ጊዜ ይለዋል፤ ሰውየው ግን አልመጣም። ዋሸ እንበልን? አይደለም፤ መምጣቱን እንደ ተፈጸመ ነገር ቈጠረው እንጂ።

ጥንታዊው ግሪክኛም እንዲህ ያለውን አመለካከት በግሥ ይለያል። «ኤግራፕሳ» ጻፍሁ፥ «ኤግራፎን» እጽፍ ነበር ማለት ነው። ጊዜያቸው አንድ፥ ያለፈ ነው፤ የሚለያዩት ፊተኛው ድርጊቱን በሙሉ፥ ኋለኛው በሂደት ላይ ሳለ በማሳየታቸው ነው።

በግዕዝም «ይገብር» ካልዓይ አንቀጽ ነው። በሰዋስው «ትንቢት» ቢባልም፥ እንደ አገባቡ ያደርጋል፥ ያደርግ ነበርም ይሆናል።

ስለዚህ የጥንት መጽሐፍ የሚተረጕም ተማሪ «መቼ?» ከማለቱ በፊት «ተፈጽሟል ወይስ በመፈጸም ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አለዚያ የሆነውን ታሪክ ገና የሚሆን ትንቢት ያደርገዋል።