«አርጊዩመንት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ «አርጊዩመንት» የሚለውን ቃል ባገኘህ ጊዜ «ጠብ» ብለህ ለመተርጐም አትቸኩል። ቃሉ ሁለት ፊት አለው። ሰው ስለ አሳቡ እውነትነት የሚያቀርበው ማስረጃ አርጊዩመንት ይባላል፤ ጐረቤቶች በቍጣ የሚለዋወጡት ክፉ ቃልም እንዲሁ። ሥሩ ላቲን ነው፤ በዚያ ቋንቋ ግልጽ ማድረግና መክሰስ ማለት ነበረ። የትኛው እንደ ሆነ በአጠገቡ ካሉት ቃላት ይታወቃል፤ ጸሐፊ አርጊዩመንት «አቀረበ» ቢባል ምክንያት ነው፤ ባልና ሚስት አርጊዩመንት «ነበራቸው» ቢባል ጭቅጭቅ ነው።

አማርኛ ግን እያንዳንዱን በስሙ ይጠራዋል። ክርክር በአሳብ ነው፤ ሙግት በዳኛ ፊት ነው፤ ጭቅጭቅ ፍሬ የሌለው የቃል መመላለስ ነው፤ በጠብ ልብ ከልብ ይለያያል፤ ቂም ጠቡ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ነው። አባቶቻችን ሙግትን እንደ ጥበብ ቈጥረውት ነበር። «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፥ በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽም ልብሳቸው እርስ በርሱ ተቋጥሮ፥ በቍራኛ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ከባላጋራ ጋር ታስሮ ሳይጣሉ መንገድ መሄድ ቀላል ነገር አይደለም!

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በከሚሴ ደግሞ ኦሮምኛና አማርኛ አብረው ይነገራሉ። ኦሮምኛውም ክርክርን «ፈልሚ»፥ ጠብንና ጦርነትን «ሎላ»፥ ዕርቅን «አራራ» ብሎ ይለያል። ስለዚህ የከሚሴ ተማሪ እንግሊዝኛውን ሲያጠና ሁለት ረዳት አለው።

ይህን መለየት የቃላት ጨዋታ ብቻ አይምሰልህ። በ2013 ዓ.ም. በዚህ ዞንና በአጐራባቹ በሰሜን ሸዋ ብዙ ሰው የሞተበት፥ የአጣዬ ከተማም የተቃጠለችበት ግጭት ሆነ። ያንን «አለመግባባት» ብሎ ማለፍ የሞቱትን ማቃለል ነው። በአንጻሩም ስለ መሬት ወይም ስለ አስተዳደር አሳቡን በቃል ብቻ የሚናገረውን ጐረቤት «ጠበኛ» ያልከው እንደ ሆነ፥ ፈልሚውን አንተ ራስህ ወደ ሎላ ትገፋዋለህ። እርሱም የተሰጠውን ስም ሰምቶ እንደ ስሙ ሊሆን ይችላል።

በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስትጽፍ እንግዲህ ለጠብ «ኳረል»፥ ለአሳብ ልዩነት «ዲስአግሪመንት» በል፤ አርጊዩመንትን ለማስረጃህ አቆየው።