ስም የወጣለት አዲስ ተርብ፤ የመጤ ተምች ጠላት

ገበሬ በበቆሎ ማሳው ውስጥ ሲዘዋወር፣ ከደከመ ትል አጠገብ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች የሐር ጎጆ በቅጠል ላይ ተጣብቃ ሊያገኝ ይችላል። የተባይ እንቁላል መስሎት በጣቱ የሚደፈጥጣት አይጠፋም። ይህን ያደረገ ሰው ግን የገደለው ወዳጁን ነው።

በጎጆዋ ውስጥ ያለችው ጥገኛ ተርብ ናት። ትንኝ ታህላለች እንጂ እንደምናውቀው ተርብ ሰው አትነድፍም። እንስቲቱ እንቁላሏን በለጋ ትል ገላ ውስጥ ትጥላለች። የተፈለፈለው እጭ ትሉን ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ሲጠነክርም ቆዳውን ቀድዶ ወጥቶ የሐር ጎጆ ይሠራል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ትሉም ለአካለ መጠን ሳይደርስ ይሞታል።

በኬንያ የሚገኙ ተመራማሪዎች አሉማን ከሚያጠቁ ቅጠል በል ትሎች አንዲት ተርብ አገኙ። ከታወቁት ዓይነቶች ጋር ብትቀራረብም ከአንዱም ጋር አልገጠመችም። አካሏንና የዘር ቅንጣቷን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2017 «ኮቴሲያ ኢሲፔ» ብለው ሰየሟት። ስሙ የተወሰደው ናይሮቢ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መጠሪያ ነው።

መጤ ተምች ወደ አገራችን የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ በኢትዮጵያ በተምቹ ትል ላይ ከተገኙት ጥገኛ ነፍሳት ዋነኛዋ ይህችው ተርብ መሆኗን ገለጠ፤ ከመቶ ትል ከ33.8 እስከ 45.3 የሚሆነውን ይዛ ተገኝታለች። ይህንንም ያደረገችው ማንም አርብቶ ሳይለቃት ነው።

ታዲያ ስም ምን ይጠቅማል? የጥገኛ ተርብ ዓይነት እጅግ ብዙ ነው፤ የሚያጠቁትም ትል ይለያያል። የዚህ ወገን ተርቦች ሁሉ የአንቴናቸው አንጓ 18 ስለ ሆነ በቆጠራ ብቻ አይለዩም። ሊቃውንት የክንፍን ጅማትና የጀርባን ሸካራነት በማጉያ መሣሪያ ያያሉ። ከዚህም ጋር ተርቧ ከየትኛው ትል እንደ ወጣች ማወቅ አለባቸው። ይህን ደግሞ ገበሬና የልማት ሠራተኛ እንደሚከተለው አድርገው ሊያስረዱ ይችላሉ።

1ኛ/ ትሉን ለዩ። መጤ ተምች በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ በጅራቱም አጠገብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ 4 ጥቁር ነጥቦች አሉት።

2ኛ/ ለጋ ትሎችን ሰብስባችሁ እያንዳንዱን ለብቻው በጠርሙስ አኑሩ። አብረው ከተቀመጡ እርስ በርሳቸው ይበላላሉ። መድኃኒት ያልነካው የበቆሎ ቅጠል በየቀኑ ስጡ፤ የጠርሙሱን አፍ በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ በጥላ አስቀምጡ።

3ኛ/ የሐር ጎጆ ሲሠራ ብታዩ አትንኩት። ተርቧ ስትወጣ ከነጠርሙሱ ለልማት ሠራተኛው አስረክቡ።

4ኛ/ የልማት ሠራተኛው ተርቧን በአልኮል ውስጥ ያስቀምጥ። ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የሰብሉንና የትሉን ዓይነት በትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፎ አብሮ ይክተት፤ የብዕር ቀለም በአልኮል ይለቃልና። ከዚያም በአቅራቢያው ወዳለው የምርምር ማዕከል ይላክ።

ተርቧ ብቻዋን ተምችን ታጠፋለች ማለት አይደለም። ከላይ እንደ ተነገረው ከግማሽ የሚበልጠው ትል ከእርሷ ያመልጣል። ስለዚህ ማሳችሁን አዘውትራችሁ ጎብኙ፤ ትሉ ጥቂት ሲሆን በእጅ ልቀሙ። ብዙ ሆኖ መርጨት ግድ ቢሆን አስቀድማችሁ የልማት ሠራተኛውን አማክሩ፤ ትልን የሚገድል መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ተርቧንም ይገድላልና። በቅጠል ላይ ያያችኋትን የሐር ጎጆ ግን ተዉአት፤ ከእርሷ የምትወጣው ተርብ ሌሎች ትሎችን ፍለጋ ትሄዳለች።