ልብዎ ሲናገር ይስሙት

ዳገት ሲወጡ፣ ወይም ዕቃ ተሸክመው ሲጣደፉ ደረትዎን መሃሉ ላይ ጭምድድ አድርጎ ይይዝዎታል? ቆም ብለው ሲያርፉስ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቅዎታል? እንግዲያው «ጨጓራዬ ነው» ብለው ለማለፍ አይቸኩሉ። በእኛ ዘንድ ጨጓራ የማይከሰስበት ሕመም የለም፤ በዚህኛው ግን ጥፋተኛው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች አንጃይና ይሉታል።

ልብ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ገደማ እየመታ ለመላው አካል ደም ያድላል። ለራሱ የሚደርሰው ግን ኮሮናሪ በሚባሉት የደም ቧንቧዎች በኩል ነው። እነዚህ ቧንቧዎች ውስጣቸው ስብ እየተጋገረ ሲጠብቡ፣ ቁጭ ባሉበት የሚበቃው ደም ዳገቱ ላይ ያጥራል። ያኔ ልብ «አልደረሰኝም!» ይላል። ሕመሙ ይኸው ነው። ቀድሞ መናገሩ ደግሞ መልካም ዜና ነው፤ የተነገረው ሰው የሚያደርገው ነገር አለው።

ምን ያህል ነገር እንዳለው ልንገርዎ። ይህን ሕመም ለይቶ በሚገባ የገለጸው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሄበርደን ሲሆን፣ በ1768 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበው። ያኔ የልብ ምርመራ መሣሪያ የለ፣ የጠበበ ቧንቧ የሚከፍት ሐኪም የለ። ሄበርደን ግን ስለ አንድ ሰው ጽፎልናል፤ ሰውየው በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ መቁረጥን ሥራዬ ብሎ ያዘው፤ ፈጽሞ ሊድን ጥቂት ቀረው። ስሙን አናውቅም። እኔ ግን ሐውልት ከቆመላቸው ብዙ ጀግኖች አስበልጠዋለሁ!

ነገሩ የአንድ ሰው ዕድል ብቻ አልነበረም። በዚያችው ለንደን ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ የባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አጠኑ። ሹፌሩ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። በ1953 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት፣ ትኬት ቆራጮቹ በልብ ሕመም የሚጠቁት ከሹፌሮቹ ባነሰ ቁጥር መሆኑን አሳየ፤ ሲታመሙም ቀለል ይልላቸው ነበር። አውቶቡሱ አንድ፣ መንገዱ አንድ! (የእኛ ታክሲ ረዳቶች ሲወርዱና ሲሳፈሩ ባየሁ ቁጥር ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል።)

ታዲያ ነገ በጠዋት ተነሥተው እንጦጦ ይውጡ እያልኩ አይደለም። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ይነሡ፤ ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና ኮሌስትሮልዎን ይለኩ። የሚያጨሱ ከሆነ ዛሬውኑ ይተዉ፤ ሲጋራ ያመጣብዎት የልብ ሕመም ተጨማሪ አደጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ከምላስ ሥር የሚደረግ ኪኒን ከታዘዘልዎ ከኪስዎ አይለዩት። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው ናይትሮግሊሰሪን ነው፤ የዲናሚት ፈንጂ የሚሠራበት ያው ናይትሮግሊሰሪን! ዲናሚትን የፈለሰፈው አልፍሬድ ኖቤል ራሱ ለልቡ ይህንኑ ታዝዞለት ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። ሕመሙ ዕረፍት ላይ ሳሉ ከመጣ፣ አርፈውም ካልለቀቀ፣ ከወትሮው ከበረታ ወይም ከተደጋገመ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ግራ ክንድ ከዘለቀ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎት፣ «ይነጋልኛል» ሳይሉ ወደ ሆስፒታል ይብረሩ። በተለይ ሴቶችና የስኳር ሕሙማን ደረታቸውን ሳያማቸው ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያልለመዱት ድካም ብቻ ሊሰማቸው ይችላል።

ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡም «ምን ልተው?» ብቻ ብለው አይመለሱ። «በቀን ስንት ደቂቃ ልራመድ? በምን ያህል ፍጥነት? የቱ ጋ ስደርስ ልቁም?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም እንደ መድኃኒት ማዘዣው በወረቀት አስጽፈው ይውጡ።