ደብተሩን ዝጉትና ታካሚውን አስቡት

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር ነው። ሌሊት ተረኛ ሳለሁ አንድ ወጣት አንገቱ ወደ ጎን ተጠምዝዞ፣ ዓይኑ ወደ ጣሪያ ተሰቅሎ ቀረ። ማታ ሃሎፔሪዶል ተወግቷል። እናቱ «ያ ነገር ተመልሶ መጣበት!» እያሉ ፀበላቸውን ፍለጋ ቦርሳቸውን ይበረብራሉ። እኔ ቆሜ አያለሁ። መድኃኒቱ የሚያመጣውን እንዲህ ያለ የጡንቻ መጠምዘዝ፣ «አኪዩት ዲስቶኒያ» የሚለውን፣ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበት ነበር፤ ያን ሌሊት ግን ከአፌም ከእጄም ጠፋ። ነባሯ ሲስተር መጥታ አንዴ አየችው፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራም ፕሮሜታዚን ወጋችው። ብዙም ሳይቆይ አንገቱ ቀና አለ፤ እናቱም ምርቃቱን አወረዱት።

እህሉ ጎተራው ውስጥ ነበር፤ የጠፋብኝ ቁልፉ ነው። ደስ የሚለው ግን፣ ቁልፉን ማንም ነርስ ሊያበጀው ይችላል።

ብዙዎቻችን ክለሳ ስንባል የኮሌጁን ደብተር አውጥተን ቢጫ ቀለም እንቀባለን። ደጋግመን ያነበብነው ነገር የምናውቀው ይመስለናል፤ ያታልላል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሞክሮ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ የተማርነው በብዛት የሚጠፋው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን፣ ጊዜ እየለዩ መከለስ ግን እንደሚያጸናው አሳይቷል። እንግዲያው ደብተሩን ዝጉት። ዛሬ ያያችሁትን አንድ ሰው አስቡና ራሳችሁን ጠይቁ።

ያ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል የዋለው ሰውዬ እውነት ሕመሙ ተነሥቶበት ነው? ወይስ መድኃኒቱ ያመጣበት፣ መቀመጥ የሚከለክል መቁነጥነጥ፣ አካቲዥያ? የመጀመሪያው መስሎን መድኃኒቱ ቢጨመርለት ሁለተኛውን እናባብስበታለን። ትኩሳት ቢጨምርበትስ? ሰውነቱ እንደ እንጨት ቢደርቅ፣ ላብ ቢያጠምቀው፣ ንግግሩ ቢዘበራረቅ? ያኔ የሚቀጥለውን ክኒን ሳንሰጥ ሐኪም መጥራት ነው፤ ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድሮም ቀጠሮ አይሰጥም።

ሊቲየም የምትወስደዋ ሴትዮስ? ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት ውሎ እጇ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ስትራመድም ከተንገዳገደች፣ «ምግብ ተበላሽቶባት ነው» ብሎ መሸኘት አደጋ ነው። በደም ውስጥ የሚፈለገው መጠን በአብዛኛው ከ0.6 እስከ 1.2 ሚሊሞል በሊትር መሆኑን፣ የሰውነት ፈሳሽ ሲቀንስ ደግሞ መጠኑ ከፍ እንደሚል የሚያስታውስ ነርስ ያን ቀን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ሙያችን ግን መርፌና ክኒን ብቻ አይደለም። ክሎርፕሮማዚን ፓሪስ ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው በነርስና በታካሚ ግንኙነት ላይ የጻፈችው መጽሐፍ የታተመውም በዚያው ዓመት። መድኃኒቱና ቃሉ እኩያሞች መሆናቸው እኔን ደስ ይለኛል። ስለዚህ ቃሉንም ከልሱት። «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» የሚለውን ጥያቄ ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱት። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ አይዘራም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው የሚጠይቀው አጥቶ ነው ብቻውን የሚሸከመው። ሳትለማመዱ አልጋው አጠገብ ስትቆሙ ግን ምላስ ይተሳሰራል። መስታወት ፊት ሞክሩት፤ ታክሲ ውስጥ እንኳ ባይሆን ይሻላል።

በቀን አንድ ታካሚ፣ አንድ ጥያቄ ይበቃል። ድካሙ ይገባኛል፤ ከሌሊት ተረኝነት ወጥቶ መጽሐፍ የሚያምረው ሰው አላውቅም። ግን ነገ ጠዋት ርክክብ ላይ ባልደረባችሁን «ይህን ሰውዬ ማታ ትኩሳት ቢይዘው ምን ታደርጋለህ?» በሉት። መልሱ ከጠፋበት አትሳቁበት፤ መጽሐፉን አብራችሁ ክፈቱት። ሻይ እስኪፈላ ታገኙታላችሁ።