ከጎላጎል ጀርባ ያለውን ቤት ጂ.ፒ.ኤስ ላይ መጫን

"ሃያ ሁለት፣ ከጎላጎል ጀርባ፣ አረንጓዴው በር" ለሰፈር ሰው በቂ አድራሻ ነው። በሩ ቀለም የተቀየረ ቀን ግን ለዘገባ የወጣውን ተማሪ ምን ይውጠዋል? እኔ ቦታዎቹን ራሳችን በእጅ ጂ.ፒ.ኤስ ላይ እንጫን ባይ ነኝ።

በጋርሚን እንዲህ ይሠራል። በሲ.ኤስ.ቪ ፋይል ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፤ መጀመሪያ ኬንትሮስ፣ ቀጥሎ ኬክሮስ፣ ከዚያ ስም፣ በኮማ እየለያችሁ። ሃያ ሁለት በግምት 38.78 እና 9.01 ላይ ናት። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ሰፈራችን ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ውስጥ ትገባለች (ዋና የሚችል ዘጋቢ ላኩ!)። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ከሆነም ግማሽ ኪሎ ሜትር ልትስቱ ትችላላችሁ፤ አምስት አሃዝ ጻፉ።

ፋይሉን መሣሪያው ላይ የሚያወጣው ፒ.ኦ.አይ ሎደር የተባለው ፕሮግራም ነው። አዲሱ ጭነት የቀድሞውን ስለሚተካ ፋይሎቻችሁን ሁሉ በአንድ ፎልደር አኑሯቸው።

ነጥቡን ከቆየ የኢትዮጵያ ካርታ ለምታነቡ ሌላ ጣጣ አለ። እነዚያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ሲሆን ጂ.ፒ.ኤስ የሚጠቀመው ደብሊው.ጂ.ኤስ 84ን ነው። ሳይለወጥ ከተጫነ ቦታው 200 ሜትር ያህል ይሸሻል። ሃያ ሁለት ውስጥ 200 ሜትር ማለት ሌላ መንደር ነው፤ ስለዚህ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ማንበብ ይሻላል።