የእንግሊዝኛ ቃላትን በቀለም ከፍሎ ማንበብና መጻፍ

«ሰላም» ሲጻፍ ሦስት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን ሁለት ቀለም ነው፦ ሰ-ላም። ቀለም፣ ማለትም ሲላብል፣ በአንድ አናባቢ ዙሪያ ተሰባስቦ በአንድነት የሚነገር የቃል ክፍል ነው። እንግሊዝኛም በቀለም ይከፈላል፤ አከፋፈሉን ያወቀ ሰው ሲናገር ይሰማል፣ ሲጽፍም አይሳሳትም።

የመጀመሪያው ደንብ፣ የሚቆጠረው የሚሰማው አናባቢ እንጂ የተጻፈው አይደለም የሚል ነው። «ሜክ» መጨረሻው ላይ ኢ ቢጻፍበትም ስለማይሰማ አንድ ቀለም ነው። «ስትሪት»ም አንድ ቀለም ብቻ ነው። እኛ የተነባቢዎቹ መደራረብ ስለሚከብደን «እስ-ት-ሪት» ብለን ሦስት እናደርገዋለን፤ ሰሚውም ግር ይለዋል።

ሁለተኛው ደንብ በአናባቢዎች መካከል ያሉትን ተነባቢዎች ይመለከታል። ተነባቢው አንድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀጣዩ ቀለም ይሄዳል፤ የፊተኛው ክፍት ሆኖ ስለሚቀር አናባቢው የፊደሉን ስም ይይዛል፦ ታይ-ገር፣ ፔይ-ፐር። ተነባቢዎቹ ሁለት ከሆኑ ግን ይከፈላሉ፤ የፊተኛው ቀለም ይዘጋል፣ አናባቢውም ያጥራል፦ ናፕ-ኪን።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ጥብቀት ይሰማል እንጂ አይጻፍም፤ «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፣ ላልቶ ሲነበብ ግን ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል ውስጥ የተደገመ ተነባቢ ግን ይጻፋል እንጂ ጠብቆ አይሰማም። በአንድ ኤን የሚጻፈው «ዳይነር» አነስተኛ ምግብ ቤት ነው፤ በሁለት ኤን የሚጻፈው «ዲነር» ደግሞ ራት ነው። ሁለተኛው ኤን ቀለሙን ዘግቶ አናባቢውን ያሳጥራል እንጂ አይጠብቅም። «ራይቲንግ» በአንድ ቲ፣ «ሪትን» ግን በሁለት ቲ የሚጻፉትም ለዚህ ነው።

ደንቡ ከልዩ ሁኔታ ነጻ አይደለም። «ሌመን» እና «ካቢን» በመካከላቸው አንድ ተነባቢ ብቻ ቢኖራቸውም የፊተኛው አናባቢያቸው አጭር ነው። ስለዚህ አዲስ ቃል ሲያጋጥምዎ በመጀመሪያ ክፍት፣ ካልሆነም ዝግ አድርገው ያንብቡት፤ ከሚያውቁት ቃል ጋር የሚገጥመውን ይያዙ።

ለመለማመድ እጅዎን ከአገጭዎ በታች አድርገው ቃሉን በዝግታ ይናገሩ። አገጭዎ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ቀለም ይቁጠሩ። ቀጥሎም ቃሉን ቀለም በቀለም እየተናገሩ ይጻፉት። በባዕድ አገር ልጆቻቸውን የሚያስጠኑ ወላጆችም ይህን አብረው ቢያደርጉት፣ ልጁ ፊደሉን፣ ወላጁም አነጋገሩን ያርማል።